በአየር ሃያ ስምንት ደቂቃ

እስቲ ይህን ሰሌዳ ተመልከቱት። ከትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ የመቆያ ክፍል ውስጥ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት በላይ ተሰቅሏል። መደቡ ሰማያዊ፣ ፊደሉ ነጭ ነው። “ርቀት፦ 112 ኪሎ ሜትር። የበረራ ጊዜ፦ 28 ደቂቃ” ይላል። ከጽሑፉ ሥር አንዲት ነጭ አውሮፕላን ከአንዱ ነጥብ ተነሥታ ወደ ሌላው ነጥብ ስትሄድ ተስላለች። ታምራለች፤ ሕፃን ቢያያት ይስቃል።

አሁን ደግሞ ከክፍሉ ውጡና ከአጥሩ ባሻገር ያለውን መንገድ ተመልከቱ። የሚያገናኘው እነዚያኑ ሁለት ከተሞች ነው። ግን ገደሉን ዞሮ፣ ተራራውን ተጠማዞ፣ ወንዙን ተሻግሮ እስኪደርስ ሦስት መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ምንም ካልተበላሸ በመኪና አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ምንም ሳይበላሽ የደረሰ ሰው ደግሞ እኔ አላውቅም።

ሰሌዳውን የጻፈው ሰው አልዋሸም። ሃያ ስምንት ደቂቃ ካለ ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው፤ እኔም በሰዓቴ ይዤዋለሁ። የማን ሃያ ስምንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አልጻፈም። የሚያበግነኝ እሱ ነው። አንድ ነገር ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ለሁሉም የተሰጠ ይመስላል፤ ጠጋ ስትሉ ነው በር እንዳለው፣ በሩም ላይ ሰው እንደቆመ የምታዩት።

በበሩ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመው ሰው ሚዛን ሠራተኛ ነበር። ታሪኩን የምነግራችሁ የእሱን ነው። ተሳፋሪው ሁሉ “ጋሽ ግራም” ይለዋል፤ አንዲት ግራም አያልፍም ለማለት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። አውሮፕላኗ አሥራ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች። ትንሽ ስለሆነች ሻንጣ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመዘናል። ሁሉም ተራ በተራ ከነጓዙ ወደ ሚዛኑ ይቀርባል፤ ጋሽ ግራም የሰውን ለብቻ፣ የጓዝን ለብቻ ይጽፋል፤ በመጨረሻ ደምሮ ለካፒቴኑ ይሰጣል። ካፒቴኑ ከዚያች ወረቀት ሌላ የሚያምነው የለም።

ያቺ ሚዛን የከተማው ማላገጫ ነበረች። ጫማውን የሚያወልቅ አለ፤ ኪሱን አራግፎ ቁልፉን ለሚስቱ የሚያስይዝ አለ። አንዲት ወፈር ያለች ነጋዴ አንድ ቀን፣

“ጋሽ ግራም፣ የኔን ጮክ ብለህ እንዳትጠራ፤ ባሌ ቆሟል” አለችው።

“ቢሰማ ምን ይሆናል?”

“ስልሳ ነኝ ብዬ ነው ያገባሁት።”

“በዚያን ጊዜ ስልሳ ነበሩ?”

“በዚያን ጊዜም ሚዛን አልነበረም።”

ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ ሰማንያ ሰባት ብሎ ጻፈ። አንሾካሾከላት እንጂ አልቀነሰላትም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ማኮብኮቢያው አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ አጥር፣ ከአጥሩ ቀጥሎ ገደል አለ። ጋሽ ግራም ወጣት ተሸካሚ ሳለ ከእሱ በፊት የነበረው ሚዛን ሠራተኛ ለአንድ ዘመዱ “ይሁን፣ ምን ይላታል” ብሎ አርባ ኪሎ አሳለፈ። ቀኑ ሞቃት ነበር። አውሮፕላኗ ስትነሣ እግሯን አጥሩ ያዘው። ሦስት ሰው ሞተ፤ ዘመድየውም አብሮ። ከገደሉ ሬሳ ካወጡት ሰዎች አንዱ ጋሽ ግራም ነበር። ሥራውን ሲረከብ ለራሱ አንድ ነገር ማለ፤ የማለውንም ጠበቀ። አንድም ቀን “ይሁን” ሲል የሰማው የለም።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲጀምር ከሣጥን ውስጥ አንድ ጥቁር ብረት ያወጣል። ላዩ ላይ “20” የሚል ቁጥር አብሮት ተቀርጿል። ሃያ ኪሎ ማለት ነው። ሚዛኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መርፌው ሃያ ላይ ካልቆመ በጎን ያለችውን ብሎን እያጠበቀ፣ እያላላ ሃያ ላይ ያቆመዋል። ብረቱ ድሮ ወፍራም እጀታ ነበረው። ተሸካሚዎቹ ሲሚንቶ ላይ ጥለውት እጀታው ተገንጥሎ ቀረና በምትኩ ገመድ አሰሩበት። ጋሽ ግራም ታዲያ ከመመዘኑ በፊት ገመዱን ይፈታዋል። “ገመዱ ከሃያው አይቆጠርም” ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የሚኖረው ከእህቱ ጋር ነበር። ሁለት ክፍል ናት ቤታቸው፤ የፊተኛዋ የልብስ ስፌት፣ የኋለኛዋ መኝታ። እናታቸው ስትሞት እህቱ አሥራ አራት ዓመቷ፣ እሱ አራት ነበር። አዝላው ከሰው ቤት ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስትቀምቅም አደገች፤ ኋላ የራሷን የስፌት መኪና ገዛች። የከተማው ተማሪ ግማሹ እሷ የሰፋችውን የደንብ ልብስ ነው የሚለብሰው። “እቴቴ” ይላታል፤ እሷ ደግሞ ስትስቅበት “ሸበቶው ልጄ” ትለዋለች። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። ምላሷም አትቦዝንም።

“ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ታሳፍራለህ፤ አንድ ቀን እንኳ አትሳፈርም?” ትለዋለች።

“ለምን ብዬ?”

“ከላይ ምን እንደምንመስል አይተህ ልትነግረኝ!”

“ትንሽ ነው የምንመስለው።”

“እሱንማ ከታችም አውቀዋለሁ።”

በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ የመብረር መብት ነበረው። ሳይበርበት ዓመቱ ያልፋል። ሁለቱም ከተማቸውን ለቀው አያውቁም።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው እህቱን ሆዷን አመማት። አልተናገረችም። የመቶ ሃያ ልጅ ልብስ ተቀብላለች፤ ወላጅ ደጅ ላይ ቆሞ “አደራሽን” ይላል። እሑድን ዋለች፣ ሰኞን ዋለች፤ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ፣ በአንድ እጇ ጨርቅ እየገፋች። ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ከመኪናው ሥር ተጠቅልላ አገኛት። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል።

ከጤና ጣቢያው ያለው አንድ ሐኪም ነው፤ ቢላ የሚይዝ ግን አይደለም። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ከተዛወረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ምትክ ይላካል ተብሎ ክፍሉ ተቆልፎ ተቀምጧል። ሐኪሙ ነካክቷት ጋሽ ግራምን ወደ ኮሪደር አወጣው።

“አንጀቷ ታጥፏል” አለው። “ዛሬ ተከፍታ መስተካከል አለባት።”

“ዛሬ ስትለኝ እስከ ስንት ሰዓት?”

ሐኪሙ ፊቱን አየው። “እስከ ስንት የሚባል አይደለም። እስከ ማታ ከዘገየ ግን እኔ ተስፋ አልሰጥህም። አውሮፕላኗ ዛሬ አይደለችም እንዴ የምትመጣው?”

ማክሰኞ ነው። አውሮፕላኗ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለች። ሰባት ሰዓት ሳይሆን እዚያ ናት። ሐኪሙ እዚያ ላለው ሆስፒታል ደወለ፤ አምቡላንስ አውሮፕላኑ በር ድረስ ይመጣል፣ ቀዶ ሐኪሙም እየታጠበ ይጠብቃታል ተባለ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል። እኔን አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው፤ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር! አንድ ወንበር ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱም አልጎደለም፤ አንድ ተሳፋሪ ቀርቶ አሥራ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነበር።

ያን ዕለት እኔም ተሳፋሪ ነበርኩ። ከአሥራ አንዱ አንዱ። ስለዚህ በማረፊያው የሆነውን የምነግራችሁ ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። አይቼም ዝም ያልኩ ነኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በጤና ጣቢያው መኪና አመጧት። እኛ ተመዝነን ጨርሰን አግዳሚው ላይ ተደርድረናል። ሴትየዋ መቆም አትችልም። ታዲያ ጋሽ ግራም ምን አደረገ፤ እህቱን እንደ ሕፃን አቀፋትና ሚዛኑ ላይ ወጣ። መርፌው መቶ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። አንገቱን አጎንብሶ አነበበው።

“እንዳትጥለኝ” አለችው፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። “እኔ ስንት ዘመን አዝዬህ አልጣልኩህም።”

“እቴቴ፣ አትናገሪ።”

“ስንት ወጣሁ?”

“መቶ ሃያ ስድስት።”

“ውይ! ይቺን ይዘህ ነው የምትበረው?”

“ስልሳ ስምንቱ እኔ ነኝ። አንቺ ሃምሳ ስምንት ነሽ።”

“ከስቻለሁ በለኛ። ልብሱ ነው የጨረሰኝ።”

ከእኛ አንዳንዱ ሳቀ። ወንበር ላይ አስቀምጧት ወደ ጠረጴዛው ሄደና መደመር ጀመረ። አንዴ ደመረ። እንደገና ደመረ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ደመረ።

ሙቀቱ ከባድ ስለነበር በዚያ ቀን አውሮፕላኗ መጫን የምትችለው ሰውና ጓዝ ተደምሮ አንድ ሺህ ኪሎ ነው። ወረቀቱ ላይ የወጣው አንድ ሺህ ሠላሳ አንድ ነበር።

ካፒቴኑ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ፤ ወደ ሴትየዋም አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። የማረፊያውን ኃላፊ፣ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ነው፣ “ጓዝ እናውርድ” አለው።

“ጓዝ የተከፈለበት ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይወርድም” አለ ኃላፊው። “ትርፍ ከሆነ መጨረሻ የተመዘገበው ይቀራል። ደንቡ እንደዚያ ነው።”

“መጨረሻ የተመዘገበችው እሷ ናት!”

“እኔ እሷ ትሁን አላልኩም። ደንቡን ነው የነገርኩህ።”

“ነዳጅ ቢቀነስስ?” አለ ጋሽ ግራም። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ነው የሚመስለው።

“ከዚህ በታች ከወረደ እዚያ ባላርፍ የምመለስበት የለኝም” አለው ካፒቴኑ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። “እንግዲህ ሰምታችኋል። ከወንበሩ የሚነሣ አልጠየቅኩም። ሻንጣ ነው የምለምናችሁ። ሠላሳ አንድ ኪሎ። ሁለት ሻንጣ፣ ወይ ሦስት። ዓርብ በነፃ ይመጣላችኋል። ማነው የሚተው?”

ልብ በሉ። ሰው ሕይወቱን እንዲሰጥ አልተጠየቀም። ወንበሩን እንኳ አልተጠየቀም። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሻንጣውን እንዲተው ነው የተለመነው።

ከዳር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ወዲያው ተነሡ። “የኔን አውርዱት፤ ቡትቶ ነው” አሉ። “ቢቀርም ይቀራል፤ ሰው ይለፍበት።” ጥቅልላቸው ዘጠኝ ኪሎ ነበር። ጋሽ ግራም ከወረቀቱ ላይ ሠረዘው። ሃያ ሁለት ቀረ።

ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠው የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ሁለት ካርቶን ይዟል፤ ሃያ አራት ኪሎ። የእሱ ብቻ ቢወርድ አበቃ፤ ይተርፍም ነበር። ካፒቴኑም አውቆ እሱን እሱን ነው የሚያየው።

“እኔን አትየኝ” አለ ተቋራጩ። “ዛሬ ዕቃው ካልደረሰ ሥራ ይቆማል። የስንት ሠራተኛ ጉሮሮ ነው? መንግሥት ሐኪም ካላመጣ እኔ ምን ላድርግ?”

“አምላክ ያለህ!” አሉ አሮጊቷ። “ልጄ፣ ዓርብ ሦስት ቀን ነው’ኮ!”

“እማማ፣ እርስዎ ቡትቶ ነው የያዙት።”

ሌላው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንዷ ጥፍሯን ታያለች። አንዱ ስልኩን እየነካካ ነው፤ ስልኩ እንዳልበራ ከጎኑ ሆኜ አየዋለሁ። እኔስ? የእኔ ሻንጣ አሥራ አራት ኪሎ ነበር። በልቤ ያልኩትን ልንገራችሁ፤ “የእኔ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ሰው ከጀመረ እቀጥላለሁ” ነው ያልኩት። ስምንት ኪሎ ያለው ሰው ደግሞ “የእኔማ ምን አላት” ይላል። ሁላችንም እንደዚያ እያልን ተቀመጥን። ግድያ ብለን የምንጠራው ነገር ጩኸት ያለው ይመስለናል፤ ያን ቀን የሰማሁት ድምፅ የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ነበር።

ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ ጋሽ ግራም ጠጋ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ግን ለእሱ ብቻ እንደሚናገር ሆኖ፣

“እስቲ እንደገና ንገረኝ፤ ስንት ነበር ያልከኝ?” አለው።

የዚያ ጥያቄ ትርጉም ያልገባው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አንድ ሺህ በለኝ ነው። አንድ ቃል። ወረቀቱ በእጁ ነው፣ እርሳሱ በእጁ ነው፣ እህቱ ከኋላው ናት።

ጋሽ ግራም አፉን ከፈተ። አሥራ አንዳችንንም ተራ በተራ ተመለከተን፤ እኔንም አየኝ። ያየኝ በጥላቻ አልነበረም። እንደ ክብደት ነው ያየኝ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ አጥሩ ጫፍ አየ።

“አንድ ሺህ ሃያ ሁለት” አለ።

“ወንድሜ...”

“አንድ ሺህ ሃያ ሁለት ነው፣ ካፒቴን። ብዋሽህ ሁላችሁንም፣ እሷንም ጨምሬ ነው የምገድለው።”

ቀድማ የተናገረችው እህቱ ናት። ከወንበሩ ላይ እንደተጣጠፈች፣

“በል፣ ውረጂ በለኝና ልውረድ” አለች። “ቃሉ አፍህ ላይ ቆይቶ ሌላ ኪሎ እንዳይጨምር።”

ያኔ ግን ማንም አልሳቀም።

ለአሮጊቷ ጥቅልላቸው ተመለሰላቸው፤ አልቀበልም ብለው እያለቀሱ ነው የተሳፈሩት። እኛ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ተነሣን። ሰባት ሰዓት ከስምንት ላይ አረፍን። ከበሩ አምቡላንስ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ አሥራ አንዳችንን ቆጠረ፤ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ወንበሮቹን አየ፤ ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ዘግቶ ባዶውን ሄደ።

እሷን በጤና ጣቢያው መኪና በምድር ይዘዋት ወጡ፤ ጋሽ ግራም ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ። አራት ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ወንዙ ጋ ደረሱ። ድልድዩ ይጠገናል ተብሎ አንድ ወገኑ ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነው። የጭነት መኪናው ሰልፍ ከኮረብታው ጫፍ ይጀምራል። ሾፌሩ ወርዶ እየሮጠ ለመነ፤ አንዳንዱ ጠጋ አለለት፣ አንዳንዱ የሚጠጋበት ቦታ አልነበረውም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። እህቱ መጨረሻ ላይ ስለ ቁልፍ ነው ያወራችው፤ የአንድ ልጅ ሸሚዝ ላይ የመጨረሻውን ቁልፍ እንዳልተከለች፣ እናቱ ስትመጣ እንዳይሰጥ። “እሺ” አላት። ደግማ አልተናገረችም። ከድልድዩ ወዲህ ማዶ ሞተች።

ይህ ሁሉ ይበቃ ነበር። አልበቃም።

ከሦስት ወር በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚዛን መርማሪ መጣ። በየዓመቱ መምጣት ሲገባው በጀት የለም እየተባለ አራት ዓመት የቀረ ሰው ነው። የራሱን መመዘኛዎች በሣጥን ይዞ ነው የመጣው፤ የሚያብረቀርቁ። ሃያ ኪሎውን አስቀመጠ። መርፌው ሃያን አልፎ ቆመ። ሌላ ጨመረ፤ አሁንም አለፈ። ጋሽ ግራም አጠገቡ ቆሞ ነበር።

“ሚዛናችሁ ጨምሮ ነው የሚናገረው” አለ መርማሪው። “በምን ነው የምታስተካክሉት?”

ጋሽ ግራም ጥቁሩን ብረት አወጣለት፤ እንደ ልማዱ ገመዱን ፈታ። መርማሪው ብረቱን አገላብጦ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው።

“ይሄ እጀታ አልነበረውም?”

“ነበረው። ተሰብሮ ነው።”

“መቼ?”

“አራት ዓመት ይሆነዋል።”

“እና፣ እጀታው ከሃያው ውስጥ እንደሚቆጠር ማንም አላሰበም?”

ማንም አላሰበም። ብረቱ ላይ ሃያ ተብሎ ተጽፏላ! ኃላፊው አላሰበም፣ ተሸካሚዎቹ አላሰቡም፣ ካፒቴኑ አላሰበም፤ ገመዱን በየቀኑ የሚፈታው ጠንቃቃው ሰውም አላሰበም። እጀታው ስምንት መቶ ግራም ነበር። ሚዛኑ በየሃያ ኪሎው ያንኑ ያህል፣ በየሰዉና በየሻንጣው ላይ ሲጨምር አራት ዓመት ቆይቷል።

መርማሪው ለራሱ ሪፖርት ሲጽፍ ጋሽ ግራም ከመሳቢያው የዚያን ማክሰኞ ወረቀት አወጣ። የካርቦን ቅጂው ነው። ከጀርባው ላይ አባዛ፣ አካፈለ። አንድ ሺህ ሠላሳ አንድ ያለው፣ ልኩ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነበር። እህቱ ተሳፍራ፣ የአሮጊቷም ጥቅልል፣ የተቋራጩም ካርቶን፣ የእኔም ሻንጣ ተጭኖ፣ አውሮፕላኗ ገና አሥር ኪሎ ይቀራት ነበር።

ተሸካሚዎቹ እንደነገሩኝ አልጮኸም። ወረቀቱን አጥፎ ከኪሱ ከተተ፤ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለው፤ ቁልፉን ለኃላፊው ሰጥቶ ወጣ። አልተመለሰም። የመርማሪው ሪፖርት “መጠነኛ የመለኪያ ጉድለት ተገኝቶ ወዲያውኑ ተስተካክሏል” ይላል። ወዲያውኑ! አራት ዓመት ሙሉ ያልመጣ ሰው ወዲያውኑ ሲል እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ይህን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ወደዚያው ከተማ ስሄድ ነው። በሚዛኑ ላይ አዲስ ሰው ቆሟል። ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። እንዴት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በማግስቱ ቤቱን ፈልጌ ሄድኩ።

የፊተኛው ክፍል እንዳለ ነው። መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ያልተወሰዱ የደንብ ልብሶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ጋሽ ግራም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አወቀኝ።

“አሥራ አራት ኪሎ” አለኝ። “ሦስተኛ ወንበር።”

“ጋሼ፣ ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።”

“ተቀመጥ።”

“ያን ቀን ብነሣ ኖሮ ሌላውም...”

“ተቀመጥ አልኩህ፤ ይሄን ሁሉም ይለዋል።” ከመሳቢያ የካርቦኑን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የአሥራ አንዳችን ስም፣ ክብደት፣ የጓዛችን ክብደት አለበት። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አዲስ ዓምድ ተሰምሯል። “ሻንጣህ ውስጥ ምን ነበር?” አለኝ።

“ለምንድን ነው የምትፈልገው?”

“ሃያ ሁለት ዓመት የሰውን ዕቃ መዘንኩ። ስንት እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሚዛኑ የእኔ ጥፋት ነው፤ እሱን ለማንም አላካፍልም። ሚዛኑ ልክ ነው ብላችሁ ግን ተቀምጣችኋል። በእሷ ቦታ ምን እንደሄደ ማወቅ እፈልጋለሁ። በቃ።”

ነገርኩት። ካውያ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ የገዛሁት የሳህን ስብስብ።

“ሠርጉ መቼ ነበር?”

“እሑድ።”

“ዓርብ ቢመጣ ይደርስ ነበር” አለ። ጻፈው። ሲጽፍ ፊደሉን አያፈጥንም።

ከእኔ በፊት የተጻፉትን አየሁ። ተቋራጩን ቢሮው ድረስ ሄዶ ነው የጠየቀው፤ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ፣ ለገዛ ቤቱ። ሥራ የሚያቆም ሠራተኛም አልነበረም። አንዷ የመጋረጃ ጨርቅ። አንዱ የወር ጋዜጣ ጥራዝ። የአሮጊቷ መስመር ላይ “ተሰጥቷል” ይላል። ከእኔ ጋር ሰባት ሞላ። አራት መስመር ባዶ ነው።

ሰዎቹን ፈልጎ አላገኛቸውም። እኔም ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ግራጫ ካፖርት ለብሰህ አሥራ ሰባት ኪሎ ይዘህ መስኮቱ ጋ የተቀመጥከው፤ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ እጅ ለእጅ የተያያዛችሁት ባልና ሚስት፤ አረንጓዴ ጠንካራ ሻንጣ የያዝሽው ሴት፤ ይህ ጽሑፍ ከእጃችሁ ከገባ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ራሳችሁ ባትሆኑም የምታውቋቸው ካላችሁ አድርሱልኝ። ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ በሩ አይቆለፍም። ሂዱ። ይቅርታ አትበሉት፣ ሰበብ አትደርድሩለት፣ ሚዛኑ ነው ጥፋተኛው አትበሉት። ሻንጣችሁ ውስጥ ምን እንደነበረ ብቻ ንገሩትና ይጻፈው።